አዋልዲጌሳ ሬሳ አይበላም፤ እንወቀው፣ እንጠብቀው

ማለዳ ከብት ስታሰማሩ ወይም ውኃ ልትቀዱ ስትወርዱ፣ ትናንት ያልነበረ ጉድጓድ በመንገዳችሁ ላይ አግኝታችሁ ታውቃላችሁ? አፈሩ ትኩስ ነው። ክምሩ ወደ ኋላ ተበትኗል። ከጎኑ ያለው ኩይሳ ተቦርቡሯል። የቆፈረውን ግን ማንም አላየውም። ሽማግሌዎች «አዋልዲጌሳ ነው» ይላሉ። ልጆች ይፈራሉ። እናቶች ያማትባሉ።

ዛሬ የምንነጋገረው ስለዚህ እንስሳ ነው። ስሙን ብዙ ሰው ያውቀዋል፤ መልኩን ያየው ግን ጥቂት ነው። ስለማናየውም ብዙ ነገር ይወራበታል። ወሬው ደግሞ ሕይወቱን ያስከፍለዋል። ስለዚህ በመጀመሪያ እኔ ራሴ ያየሁትን ልንገራችሁ። ከዚያ በኋላ የእንስሳውን አካል ከአፍንጫው እስከ ጅራቱ አንድ በአንድ እናያለን። በመጨረሻም ምን ብናደርግ እንደሚሻል እንነጋገራለን።

በመንደራችን የሆነው

በማስተምርበት መንደር አንድ ሰው ሞቶ ተቀበረ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት መቃብሩ በአንድ ጎኑ ተቆፍሮ ተገኘ። ሬሳው አልተነካም፤ ቢሆንም ቤተ ዘመድ እንደ አዲስ አለቀሰ። «ይሄ የአዋልዲጌሳ ሥራ ነው» ተባለ። ጎረምሶች ጦርና ዱላ ይዘው፣ ውሻ አስከትለው ወጡ። ከወንዙ ማዶ ትኩስ አፈር ያለበት ጎሬ አገኙ። ሌሊቱን ሙሉ አድፍጠው አደሩ። ሊነጋጋ ሲል እንስሳው ወደ ጎሬው ሲመለስ ገደሉት።

ጠዋት ሰው ሁሉ ሊያይ ወጣ። እኔም ከተማሪዎቼ ጋር ሄድኩ። አንድ አባት፣ «እስቲ ሆዱ ይቀደድና የበላው ይታይ» አሉ። ተቀደደ። የተገኘው ምስጥ፣ ጉንዳንና አፈር ብቻ ነበር። ሥጋ የለም፣ አጥንት የለም፣ የከፈን ክር እንኳ የለም።

ከዚያ አንዲት እናት ጠጋ ብለው ከሆዱ በታች ተመለከቱና፣ «ኧረ ይቺ እኮ እመጫት ናት! ጡቷ ወተት አለው» አሉ። ሁላችንም ዝም አልን። ልጆች በጎሬው አፍ ላይ ተደፍተው አዳመጡ። ምንም አልተሰማም። ግልገሉ ውስጥ ነበር ማለት ነው፤ እናቱ ካልተመለሰች ደግሞ ወጥቶ የሚበላውን ራሱ ሊፈልግ አይችልም።

በዚያው ሌሊት መቃብሩ እንደገና ተቆፈረ። በዚህ ጊዜ በእርጥቡ አፈር ላይ ዱካ ታየ። ዱካው የጅብ ነበር።

ማታ በትምህርት ሰዓት ፊደል መቁጠሩ ቀርቶ ክርክር ሆነ። አንድ አዛውንት፣ «ልጄ፣ እኛ ከአባቶቻችን የሰማነው መቃብር ቆፋሪ መሆኑን ነው። ስሙስ ቢሆን ይህንኑ አይደል የሚለው?» ብለው ጠየቁኝ። እኔም፣ «አባባ፣ እርስዎ የጠየቁኝን አጥንቼ እመልሳለሁ» አልኳቸው። ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀሁት ለእሳቸው መልስ እንዲሆን ነው። ለእናንተም ይጠቅማል ብዬ አስባለሁ።

ስሙ ከየት መጣ?

አዛውንቱ ስለ ስሙ የተናገሩት እውነት አለው። አዋልዲጌሳ የሚለው ስም ከኦሮምኛ የመጣ ነው። በኦሮምኛ «አዋሉ» መቅበር፣ «ዲጉ» ደግሞ ማፍረስ ነው። ስለዚህ ስሙ «መቃብር አፍራሽ» እንደማለት ነው። ስም ግን ሰው የሚያወጣው ነው። ሰው ደግሞ ያየውን ብቻ ሳይሆን የጠረጠረውንም ስም አድርጎ ያወጣል።

ሌሎች ሕዝቦች ሌላ ስም ሰጥተውታል። በደቡብ አፍሪካ የሰፈሩ የሆላንድ ተወላጆች «የምድር አሳማ» አሉት። አፍንጫው የአሳማ ስለሚመስል ነው። አሳማ ግን አይደለም። የሳይንስ ሰዎች ደግሞ «ኦሪክቴሮፐስ አፈር» ብለው መዝግበውታል። የመጀመሪያው ቃል ከግሪክ ቋንቋ የተወሰደ ሆኖ «ቆፋሪ እግር» እንደማለት ነው። ሁለተኛው «አፈር» የሚለው የእኛን አፈር ይመስላል፤ ነገር ግን በላቲን ቋንቋ «አፍሪካዊ» ማለት ነው። አጋጣሚው ደስ ይላል። የዚህ እንስሳ ሕይወት በእርግጥም አፈር ነው።

ሌላም መታወቅ ያለበት ነገር አለ። አዋልዲጌሳ በዓለም ላይ የቅርብ ዘመድ የሌለው እንስሳ ነው። ፍየል በግ ዘመዱ ነው፤ ፈረስ አህያ ዘመዱ ነው። ከአዋልዲጌሳ ወገን ግን ዛሬ በሕይወት ያለው እሱ ብቻ ነው። የሩቅ ዘመዶቹ ዝሆንና ሽኮኮ ናቸው። የሚኖረው በአፍሪካ፣ ከሰሐራ በረሃ በስተ ደቡብ ብቻ ነው። በአገራችን በቆላም በወይና ደጋም ይገኛል። እስከ 3,200 ሜትር ከፍታ ድረስ መኖሩም ተመዝግቧል። የሚፈልገው ሁለት ነገር ነው፤ ሊቆፈር የሚችል አፈርና ምስጥ። ድንጋያማ መሬት አይስማማውም።

አካሉ እንደ መሣሪያ ነው

አሁን ወደ አካሉ እንምጣ። አንድ ያደገ አዋልዲጌሳ ከ40 እስከ 65 ኪሎ ግራም ይመዝናል። ግማሽ ኩንታል ያህል ነው ማለት ነው። ከአፍንጫው እስከ ጅራቱ ጫፍ ሲለካ 2 ሜትር ሊያልፍ ይችላል። ጀርባው ጎበጥ ያለ ነው። ጸጉሩ ሳሳ ያለ፣ ቆዳው ወፍራም ነው። ጆሮው የአህያ ይመስላል፤ አንድ ስንዝር ያህል ይረዝማል።

የፊት እግሮቹ አራት አራት ጣት፣ የኋላ እግሮቹ አምስት አምስት ጣት አላቸው። በየጣቱ ጫፍ ረጅም፣ ወፍራምና ጠፍጣፋ ጥፍር አለ። የድመት ጥፍር ሹል ነው፤ ለመያዝ ይሆናል። የላም ሰኮና ድፍን ነው፤ ለመርገጥ ይሆናል። የአዋልዲጌሳ ጥፍር በሁለቱ መካከል ያለ ነው። ጫፉ እንደ አካፋ ጠርዝ ነው፣ ጥንካሬው እንደ ዶማ ነው። እኛ ዶማና አካፋን ለየብቻ አሠርተን እንገዛለን፤ እሱ ሁለቱንም በእጁ ላይ ይዞ ይወለዳል።

ጥፍር ብቻውን አይቆፍርም። ዶማም ቢሆን የሚይዘው ክንድ ያስፈልገዋል። የአዋልዲጌሳ የትከሻና የክንድ አጥንት አጭርና ወፍራም ነው። ጡንቻው ብርቱ ነው። በበጋ ፀሐይ ደርቆ እንደ ጡብ የጠጠረውን ኩይሳ በጥፍሩ ይሰነጥቀዋል። ኩይሳ በዶማ ለማፍረስ የሞከረ ሰው ምን ያህል ጉልበት እንደሚፈጅ ያውቃል።

አቆፋፈሩን ተመልከቱ። በፊት እግሮቹ አፈሩን ይንዳል፤ ወደ ሆዱ ሥር ይስባል። በኋላ እግሮቹ ወደ ኋላ ይገፋዋል። ከሥሩ እንደ ዘነዘና የወፈረው ጅራቱ ደግሞ ክምሩን ይጠርጋል። አንዱ ይቆፍራል፣ አንዱ ያወጣል፣ አንዱ ይጠርጋል። በደቦ ጉድጓድ ስንቆፍር ሥራውን እንደምንከፋፈለው ማለት ነው። አፈሩ ልል ከሆነ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ መላ አካሉን ከመሬት በታች ያስገባል። ጠላት ሲመጣበት ዋናው ማምለጫው ይሄው ነው።

አፈር ሲቆፈር አቧራው ዓይንና አፍንጫ ውስጥ ይገባል። እሱ ለዚህም መላ አለው። የአፍንጫው ቀዳዳ ዙሪያውን ጥቅጥቅ ያለ ጸጉር አለበት። ሲቆፍር አፍንጫውን ይዘጋል። ጆሮውን ወደ ኋላ ያጥፋል። ምስጥና ጉንዳን ሲነክሱት ወፍራም ቆዳው ይከላከልለታል።

ዓይኑ ደካማ ነው። የሚተማመነው በአፍንጫውና በጆሮው ነው። ፀሐይ ከገባች በኋላ ከጎሬው ብቅ ሲል ዝም ብሎ አይወጣም። አፉ ላይ ቆሞ ለብዙ ደቂቃ ያሸታል፣ ያዳምጣል። አንበሳ፣ ነብር፣ ጅብ ወይም ሰው አለመኖሩን ካረጋገጠ በኋላ ይወጣል። ከዚያም አፍንጫውን ወደ መሬት ደፍቶ፣ አንዴ ወደ ግራ አንዴ ወደ ቀኝ እያለ ምስጥ ፍለጋ ይሄዳል። በአንድ ሌሊት ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 5 ኪሎ ሜትር ይጓዛል። ምግብ ካጣ ከዚያም በላይ ይሄዳል።

አፉና ጥርሱ ምን ይነግሩናል?

ለአዛውንቱ ጥያቄ ዋናው መልስ ያለው እዚህ ላይ ነው። አንድ እንስሳ ምን እንደሚበላ ለማወቅ አፉን ማየት ነው። የበሬን አፍ ያየ ሰው ሣር በል መሆኑን ይናገራል። የውሻን ክራንቻ ያየ ሰው ሥጋ በል መሆኑን ያውቃል።

የአዋልዲጌሳ አፍ ጠባብ ነው። ያደገ አዋልዲጌሳ የፊት ጥርስ የለውም። ክራንቻም የለውም። ያሉት ከ20 እስከ 22 የሚደርሱ፣ ከመንጋጋው በስተ ኋላ የተደረደሩ ድፍን ድፍን ጥርሶች ናቸው። የእኛ ጥርስ ከላይ የሚሸፍነው ነጭና ጠንካራ ልባስ አለው፤ የእሱ ግን የለውም። ጥርሱ ውስጡ ሲታይ አንድ ላይ የታሰሩ ቀጫጭን ቱቦዎችን ይመስላል። በየጊዜው ያልቃል፣ ከሥሩም ያድጋል። እንዲህ ባለ ጥርስ ሥጋ አይቦጨቅም፣ አጥንትም አይሰበርም።

በጥርሱ ፈንታ የተሰጠው ምላስ ነው። ምላሱ ቀጭንና እንደ ሙጫ የሚያጣብቅ ነው። እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ድረስ ይዘረጋል። ኩይሳውን ይሰነጥቅና ምላሱን በስንጥቁ ውስጥ ይሰዳል። ምስጡ ይጣበቅበታል። ይስበዋል፣ ይውጠዋል። ብዙም አያኝክም፤ የጨጓራው አንዱ ክፍል እንደ ዶሮ ቋንጣ ጡንቻ ያለው ሆኖ ምግቡን ይፈጭለታል። በዚህ ዓይነት በአንድ ሌሊት እስከ 50,000 የሚደርሱ ምስጦችና ጉንዳኖች ሊበላ ይችላል።

ታዲያ መቃብሩ ለምን ይቆፈራል? እስቲ አብረን እናስብ። የመቃብር አፈር አዲስ የተቆፈረ ስለሆነ ልል ነው። በውስጡ የሳጥን እንጨት ወይም ሰሌን አለ። ምስጥ ደግሞ እንጨትና ሰሌን ይወዳል። ምስጥ ባለበት አዋልዲጌሳ ሊቆፍር ይችላል። የሚፈልገው ግን ምስጡን ነው። ሬሳ ፈልጎ የሚመጣው ጅብ ነው። ጅብ ክራንቻ አለው፣ አጥንት የሚሰብር መንጋጋም አለው፣ ያልጠለቀ መቃብርም ይቆፍራል። ጅብ ያጠፋው አዋልዲጌሳ ላይ ሲላከክ የኖረው፣ አንዱ ጉድጓድ በመቆፈር የታወቀ ስለሆነ ነው። ሌባውን ትቶ መንገደኛውን እንደመያዝ ነው።

ምን ይጠቅመናል?

«እሺ፣ ሬሳ ካልበላ ይቅር እንበለው፤ ግን ምን ያደርግልናል?» የሚል ይኖራል። ተገቢ ጥያቄ ነው።

አንደኛ፣ ምስጥ ይበላል። ምስጥ ለገበሬ ምን እንደሆነ ለእናንተ አይነገርም። በምዕራብ ወለጋ፣ በመንዲና በአካባቢው የሚኖር ገበሬ ምስጥ በሰብሉ፣ በግጦሹና በሣር ቤቱ ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት ጠንቅቆ ያውቃል። እርግጥ አዋልዲጌሳ ምስጥን ጨርሶ አያጠፋም። ከአንዱ ኩይሳ ይበላና ትቶት ወደ ሌላው ያልፋል። ይህም ጥበብ አለው፤ የነገ ምግቡን ዛሬ አይጨርስም። ቢሆንም በየሌሊቱ የሚበላው ቀላል አይደለም።

ሁለተኛ፣ አፈር ይገለብጣል። የቆፈረው ቦታ ዝናብ ሲመጣ ውኃውን ያሰርጋል። ቅጠልና ዘር ጉድጓዱ ውስጥ ይጠራቀማል፣ ይበሰብሳል፣ ይበቅላል። ያለ በሬና ያለ ሞፈር የሚያርስ ነው ማለት ይቻላል።

ሦስተኛ፣ ቤት ሠሪ ነው። አዋልዲጌሳ አንድ ቦታ ብዙ አይቆይም። ጎሬውን ትቶ ሌላ ይቆፍራል። የተወውን ጎሬ ሌሎች ይወርሱታል። ከርከሮ፣ ጃርት፣ ቀበሮ፣ ጅብ፣ ዘንዶ፣ አንዳንድ ወፎች ሳይቀሩ ይኖሩበታል። ብዙዎቹ ራሳቸው እንዲህ ያለ ጥልቅ ጎሬ መቆፈር አይችሉም። አንዳንዱ ጎሬ ርዝመቱ 13 ሜትር ይደርሳል። ቀን ሙቀቱ ሲያቃጥል፣ ሌሊት ብርዱ ሲበረታ ውስጡ አይለዋወጥም። ስለዚህ አንድ አዋልዲጌሳ ሲሞት ብዙ እንስሳት የቤታቸውን አናጢ ያጣሉ።

አራተኛ፣ ዘር ይዘራል። በደቡባዊ አፍሪካ ፍሬዋ ከመሬት በታች የሚበስል አንዲት የዱር ኪያር አለች። አዋልዲጌሳ ፍሬዋን በሽታ ፈልጎ፣ ቆፍሮ ይበላል። በፍሬዋ ያለው ውኃም ይጠቅመዋል። ዘሩ ከዓይነ ምድሩ ጋር ይወጣል። ዓይነ ምድሩን በአፈር ስለሚሸፍን ዘሩ እዚያው ይበቅላል። የዚያች ተክል ዘር የሚቀጥለው በእሱ ነው።

ለምን ጥበቃ ያስፈልገዋል?

በዓለም ደረጃ ሲታይ አዋልዲጌሳ ሊጠፉ ከተቃረቡ እንስሳት ተራ አልገባም። ይህን መደበቅ አያስፈልግም። ግን አንድ እንስሳ በአንድ ጊዜ ከዓለም አይጠፋም። መጀመሪያ ከአንድ መንደር ይጠፋል። ቀጥሎ ከአንድ ወረዳ ይጠፋል። ሽማግሌዎቻችንን ብትጠይቁ፣ በልጅነታቸው በአካባቢያቸው የነበሩ፣ ዛሬ ግን የሌሉ እንስሳትን ስም ይቆጥሩላችኋል።

የአዋልዲጌሳ መራባት ዝግተኛ ነው። እናቲቱ ሰባት ወር ያህል ታረግዛለች። የምትወልደው አንድ ብቻ ነው። ግልገሉ ሲወለድ ጸጉር የለውም፤ 2 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል። ሁለት ሳምንት ያህል ሲሞላው እናቱን ተከትሎ መውጣት ይጀምራል። ራሱ ጎሬ መቆፈር የሚችለው ስድስት ወር ሲሆነው ነው። ፍየል መንታ ትወልዳለች፤ በአንድ ዓመት የሞተውን ትተካለች። አዋልዲጌሳ ግን እንዲህ አይደለም። አንዲት እመጫት ስትገደል የሚሞቱት ሁለት ናቸው።

ድርቅም ይጎዳዋል። ዝናብ ሲጠፋ ሣር ይጠፋል፤ ሣር ሲጠፋ ምስጥ ይመነምናል። በደቡብ አፍሪካ፣ በካላሃሪ፣ እ.ኤ.አ. ከ2012 እስከ 2013 በደረሰ ድርቅ አጥኚዎች ይከታተሏቸው ከነበሩ 6 አዋልዲጌሳዎች 5ቱ ሞተዋል። ከመሞታቸው በፊት ሌሊቱን መቋቋም ስላልቻሉ በቀን ምግብ ፍለጋ መውጣት ጀምረው ነበር። የሰውነታቸው ሙቀት ወርዶ፣ አካላቸው ከስቶ ነበር። እኛም ድርቅን እናውቀዋለን። እንስሳውንም እኛንም የሚመታን አንድ ነው።

በዚህ ላይ ሰው ይጨመራል። ለሥጋው የሚገድለው አለ። መቃብር ቆፋሪ ነው ብሎ የሚገድለው አለ። ኩይሳው ላይ መርዝ ሲደረግ የተመረዘውን ምስጥ የሚበላ እንስሳ ሁሉ ለጉዳት ይጋለጣል። ቁጥቋጦው ተመንጥሮ በሙሉ ሲታረስ ደግሞ ጎሬ የሚቆፍርበት ቦታ ያጣል።

ሕጉም ይታወቅ። የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ያለ ፈቃድ የዱር እንስሳ ማደንን ይከለክላል። ነገር ግን ሕግ በወረቀት ላይ ብቻ ቢቀመጥ በሌሊት ጎሬ አፍ ላይ ቆሞ አይጠብቅም። የሚጠብቀው አውቆ የተረዳ ሰው ነው።

የገበሬውም ቅሬታ ይሰማ

ይህን ሁሉ በማታው ትምህርት ላይ ካነበብኩ በኋላ አንድ ገበሬ እጃቸውን አወጡ። «ይህ ሁሉ ጥሩ ነው። ግን የእኔ በሬ እግሩ ጎሬ ውስጥ ገብቶ ተሰብሯል። ያን ዓመት መሬቴ ጦም አደረ። ይህንስ ምን ትለዋለህ?» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። በሬ ለገበሬ እጁም እግሩም ነው። «እንስሳውን ጠብቁ» ብሎ ብቻ ማለፍ የከተማ ሰው ንግግር ይሆናል። ስለዚህ ያን ዕለት ማታ ሁላችንም ተመካከርን። ከእኔ ይልቅ እነሱ ብዙ ሐሳብ ሰጡ። የተስማማንበትን እነሆ፦

1. ከእርሻ በፊት ማሳን በእግር ዞሮ ማየት። ጎሬ ከተገኘ በአጠገቡ ረጅም እንጨት ተክሎ ጨርቅ ማሰር። በሬ ጠማጁም እረኛውም ያየዋል።

2. ጎሬው ሰው እንደሌለበት ቤት የተተወ መሆን አለመሆኑን መለየት። ትኩስ አፈርና ዱካ ካለበት እንስሳ አለበት። የሸረሪት ድር ካደራበት፣ ቅጠል ከሞላበት የተተወ ሊሆን ይችላል። አንዳንዴ አዋልዲጌሳ ከገባ በኋላ አፉን በአፈር ስለሚዘጋ ተቻኩሎ መወሰን አይገባም፤ ጥቂት ቀን ማየት ነው።

3. በማሳ መካከል ያለውንና የተተወውን ጎሬ በድንጋይና በአፈር መሙላት። ከማሳ ውጭ፣ በቁጥቋጦና በገደል ጥግ ያለውን ግን አለመንካት።

4. እጅን ወይም ልጅን ወደ ጎሬ አለመስደድ፣ በጢስም አለማፈን። ውስጡ ያለው አዋልዲጌሳ ላይሆን ይችላል። ዘንዶ፣ ከርከሮ ወይም ጅብ ሊሆን ይችላል። ከርከሮ ከጎሬው ሲወጣ በጥርሱ ሰው ይዘለዝላል።

5. መቃብርን ማጥለቅ። አፈሩን እየረገጡ መሙላት፤ በላዩ ድንጋይ መከመር፤ የመቃብር ቦታውን በእሾህ ማጠር። ይህን ካደረግን ጅብም አይደፍረውም፣ ለሞተውም ክብር ይሆናል።

6. ኩይሳ ላይ መርዝ ከማድረግ በፊት የግብርና ባለሙያ ማማከር። መርዝ ለከብትም ለሰውም አይመለስም።

7. በማሳ ዳርቻ ጥቂት ቁጥቋጦ መተው። ለንብም ይሆናል፣ ለማገዶም ይሆናል፣ አፈሩንም ይይዛል፣ ለአዋልዲጌሳም ጎሬ መቆፈሪያ ይሆናል።

በዚህ ከተስማማን በኋላ፣ በሬያቸው የተሰበረባቸው ገበሬ፣ «እንግዲያው ጠላቴ ጉድጓዱ ነበር እንጂ ቆፋሪው አልነበረም» አሉ። አዛውንቱም፣ «ስሙን መለወጥ አንችልም፤ ፍርዱን ግን መለወጥ እንችላለን» ብለው ጨመሩ።

ውድ አንባቢያን፣ ማንበብ የተማርነው የመድኃኒት ወረቀትና የማኅበር ደብዳቤ ለማንበብ ብቻ አይደለም። ስንሰማው የኖርነውን ነገር «እውነት ነው ወይ?» ብለን ለመጠየቅም ጭምር ነው። ያን ጠዋት ሆዱ ተቀዶ ባይታይ ኖሮ፣ እስከ ዛሬ ሬሳ ይበላል እንል ነበር። ሆዱን ሳንቀድ የምናውቅበት መንገድ መማር ነው።

ይህን ጽሑፍ ማንበብ ለማይችል ጎረቤታችሁ ጮክ ብላችሁ አንብቡለት። ልጆች በጎሬ ላይ ድንጋይ ሲወረውሩ ካያችሁ ምክንያቱን ነግራችሁ አስተዋቸው።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. አዋልዲጌሳ ሥጋ በል አለመሆኑን ከአፉና ከጥርሱ እንዴት እናውቃለን?

2. ሲቆፍር የፊት እግሩ፣ የኋላ እግሩና ጅራቱ ሥራቸውን እንዴት ይከፋፈላሉ?

3. በአካባቢያችሁ በጎሬ የተሰበረ በሬ ወይም ላም አለ? ይህን ለመከላከል ማኅበራችሁ ምን ሊያደርግ ይችላል?

4. የመቃብር ቦታችሁ ታጥሯል? ካልታጠረ ሥራውን በደቦ መቼ ልታደርጉት ትችላላችሁ?

5. ስለ ሌላ የዱር እንስሳ ስትሰሙት የኖራችሁት፣ ግን ማንም ያላረጋገጠው ወሬ የትኛው ነው?